ስሙ የተፋቀው የኮርስ ጓድ

ሰው የኮርስ ጓዱን አይመርጥም። ሚስቱን ይመርጣል፤ ማኅበርተኛውን ይመርጣል፤ ዕድሩ እንኳ ካልተስማማው ለቆ ሌላ ዕድር ይገባል። ዕጩ መኮንን ሆኖ ሲገባ ግን አጠገቡ ያለውን አልጋ ማን እንደሚይዘው የሚወስነው የስም ዝርዝር ነው። የጎንደሩ ልጅ ከወለጋው፣ የባላባቱ ልጅ ከገባሩ ጎን ይተኛል። አብረው ይሰለፋሉ፣ አብረው ይቀጣሉ፣ አንዱ ባጠፋው ሌላው ሜዳውን ሲዞር ያመሻል። ከዚያ የምክትል መቶ አለቅነት ኮከባቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው በየክፍለ ጦሩ ይበተናሉ። ሃምሳ ስልሳ ዓመት ካለፈ በኋላ አንዱ ሲሞት ሌላው በከዘራ እየተደገፈ ቀብር ይመጣል። ዘመዱ አይደለም። ምናልባትም በፖለቲካ ተለያይተው፣ ሰላምታ ተነፋፍገው ብዙ ዓመት ኖረዋል። መጣ ግን።

የምመረምረው ነገር ይህ ነው። ያልመረጥነው ትስስር ዕዳ ያመጣል ወይ? ካመጣስ ዕዳው የሚከፈለው በምንድን ነው፤ በፍቅር ነው፣ በውዳሴ ነው ወይስ በሌላ? ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ፣ ከኮርሱ ልጆች አንዱ እጁን በደም የነከረ ቢሆን ለእርሱም ይከፈላል ወይ?

አሪስቶትል በኒቆማኮስ ስም በሚጠራው የሥነ ምግባር መጽሐፉ፣ በስምንተኛው ክፍል፣ ወዳጅነትን ሲመረምር ዘማቾችን ያነሣል። አብረው በመርከብ የሚጓዙና አብረው የሚዘምቱ ሰዎች ወዳጅ ይባባላሉ፤ ወዳጅነታቸው የሚዘልቀው ግን ኅብረታቸው እስከዘለቀበት ድረስ ነው ይላል። አሳቡ ልብ የሚያሳርፍ ነው። መርከቡ ወደብ ሲደርስ መንገደኛው ወደየቤቱ ይሄዳል፤ አብሮ ያስቀመጣቸው ጉዳይ ካለቀ ማንም ማንንም አይወቅስም። ይህን አሳብ በአገራችን ታሪክ ልፈትነው፤ ምክንያቱም የእኛ የጦር ትምህርት ቤቶች ታሪክ መርከቡ ወደብ ሳይደርስ ደጋግሞ የሰጠመበት ታሪክ ነው።

የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት በጥር 1927 በስዊድን መኮንኖች አስተማሪነት ተከፈተ፤ አለቃቸው ካፒቴን ቪኪንግ ታም ይባል ነበር። ዕጩዎቹ ትምህርታቸውን በወጉ ሳይጨርሱ ጣልያን ወረረ። በሚያዝያ 1928 ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት ሄዱ፤ አዲስ አበባም ተያዘች። በአሪስቶትል ሚዛን የእነዚያ ልጆች ኅብረት በዚያው ሳምንት ማለቅ ነበረበት። ትምህርት ቤት የለም፣ መንግሥት የለም፣ ደመወዝ የለም፣ የሚያዝዝ አለቃ እንኳ የለም። የሆነው ግን ሌላ ነው። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ወደ ምዕራብ አቅንተው ነቀምት ላይ የጥቁር አንበሳን ማኅበር ካቋቋሙት ሰዎች ጋር ቆሙ። ሊቀ መንበሩ በእንግሊዝ አገር የእንስሳት ሕክምና የተማሩት ዶክተር ዓለምወርቅ በየነ ነበሩ። ማኅበሩ ለራሱ ደንብ ጻፈ፤ የጦሩ ክንፍ ለፖለቲካው አመራር እንዲገዛ፣ ምርኮኛም እንዳይሠቃይ የሚያዝዝ ደንብ። በሰኔ 1928 የማኅበሩ ሰዎች ቦነያ ላይ ያረፉትን የጣልያን አውሮፕላኖች አቃጠሉ፤ የጣልያኑ ጄኔራል ማሊዮኮም እዚያው ሞተ። በታኅሣሥ 1929 ማኅበሩ አብሯቸው የዘመተው ልዑል ራስ እምሩ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጅ ሲሰጡ የማኅበሩ ዕድሜ አበቃ። ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላም ጣልያን የተማረውን ሰው እየለቀመ ሲረሽን ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ አለቁ።

ጀግንነቱ በብዙ ተጽፏል። እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ የምርኮኛው አንቀጽ ነው። አዛዥ የሌላቸው፣ ቢበቀሉ ማንም የማይጠይቃቸው ልጆች፣ ራሳቸውን በራሳቸው ያሰሩበት ገመድ። ማን ሊቆጣጠራቸው ነበር? ትምህርት ቤቱ ፈርሷል። የቀረው፣ እያንዳንዱ ሌላው ምን ብሎ እንደማለ ማወቁ ብቻ ነው። አንድ ላይ ያስቀመጣቸው ድርጅት ሲጠፋ እርስ በርስ መተያየታቸው አልጠፋም። አሪስቶትል ይህን የቆጠረው አይመስለኝም።

ሐረር ላይ ነገሩ በሌላ መልክ ተደገመ። በ1950 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም የተቋቋመው የጦር አካዳሚ በሕንድ መኮንኖች እየተመራ ሥራ ጀመረ። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በውጤታቸው የተመረጡ ወጣቶች ሦስት ዓመት ይማሩበት ነበር። ከእነዚያ ኮርሶች የወጡት በኦጋዴን ተዋጉ፤ በኤርትራ ተራሮች ተዋጉ። አንዳንዶቹ አብዮቱን አገለገሉ፤ አንዳንዶቹን አብዮቱ በላቸው። በግንቦት 1981 መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ለመጣል ከተነሡት ጄኔራሎች መካከል የሐረር ልጆች ነበሩበት፤ በዓመቱ፣ በግንቦት 1982፣ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። በ1983 ደግሞ ሠራዊቱ እንዳለ ተበተነ። የትናንቱ ኮሎኔል እስረኛ ሆነ፤ የትናንቱ ሻለቃ ዋሽንግተን ላይ ታክሲ ያዘ፤ ቤቱ የቀረው ጎረቤቱ ምን ይለኝ እያለ ማዕረጉን ደብቆ ተቀመጠ።

እንግዲህ ሁለተኛው መርከብም ሰጠመ። ሰዎቹ ግን ከሥልጣን ዘመናቸው ይልቅ ያኔ ነው አጥብቀው የተፈላለጉት። ለምን?

ጥቅም ነው የሚል ይኖራል። በደጉ ጊዜ እውነት ነበር፤ የኮርስ ጓድ ዝውውር ያስፈጽማል፣ ለዕድገት ስም ያስጠራል። ከ1983 በኋላ ግን ማን ለማን ምን ሊያደርግ? ከእስረኛ ጋር መታየት ራሱ ዋጋ ያስከፍል ነበር። ትዝታ ነው የሚልም ይኖራል፤ ወጣትነት ናፍቋቸው ነው። ይህም አያጠግበኝም። ትዝታ ብቻ ቢሆን የትዝታው ተካፋይ ማንም ቢሆን ይበቃ ነበር፤ የሐረር ሻይ ቤት ባለቤትም ያንን ዘመን ያውቃል። እነርሱ የሚፈልጉት አንዱ ሌላውን ለይቶ ነው፤ ጠፍቶ የቆየ ከተገኘ ስልኩ ከአገር አገር ይዞራል።

የማውቃቸው አንድ ጡረተኛ ኮሎኔል አሉ። ሰፈሩ «ኮሎኔል» ይላቸዋል፤ እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፤ ልጆቻቸው በፊታቸው ድምፅ አያሰሙም። የኮርስ ጓዶቻቸው እቤታቸው ሲሰበሰቡ ግን ከበሩ ላይ «አንተ ቀጮ! አለህ እንዴ?» የሚል ድምፅ ይሰማል። ቀጮ የተባሉት እርሳቸው ናቸው፤ ከብዙ ዓመት ወዲህ ቀጭን አይደሉም። ተጣሪው ከሻምበልነት አላለፈም፤ ሌላው ጄኔራል ነበር፤ ሦስቱም «አንተ» ይባባላሉ። አገር በሙሉ አንቱ የሚለውን ሽማግሌ አንተ ሊለው የቀረው ሰው ስንት ነው? ወላጆቹ አልፈዋል፣ ታላላቆቹ አልፈዋል። የቀሩት እነዚህ ናቸው።

መልሴ ከዚህ ይነሣል። ማዕረግ ከመጣ በኋላ ያወቀን ሰው ከማዕረጋችን ጋር ነው ያወቀን። እናት ልጇን ታውቃለች፤ በፈተና ሰዓት ግን አላየችውም። የኮርስ ጓድ ገና ምንም ሳንሆን፣ ራባችንና ፍርሃታችን ገና መሸፈኛ ሳያገኝ፣ ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ አይቶናል። ማታ ማታ ማን እንደሚያለቅስ ያውቃል፤ ማን የሌላውን ቅጣት በራሱ እንደወሰደ፣ ማን ደግሞ ጥፋቱን በጓዱ ላይ እንደጣለ ያውቃል። ይህ እውቀት ሌላ ቦታ አይገኝም። ማንም ያላየውን ያየ ሰው ደግሞ፣ ወደደም ጠላም፣ ምስክር ሆኗል። መንገድ ላይ ሰው ሲገደል ያየ መንገደኛ «እዚህ እንድገኝ አልመረጥሁም» ብሎ ከምስክርነት አያመልጥም፤ ዕዳው የመጣው እዚያ በመገኘቱ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄዬ በዚህ ይመለሳል ብዬ አምናለሁ። ያልመረጥነው ትስስር ዕዳ ያመጣል፤ ዕዳውም ምስክርነት ነው።

ይህ በቀብር ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሁላችንም ቃሉን አስቀድመን እናውቀዋለን። ከአባታቸው ከእገሌ ከእናታቸው ከእገሊት ተወለዱ፤ በዚህ ዓመት ጦር አካዳሚ ገቡ፤ በእነዚህ ክፍለ ጦሮች አገለገሉ፤ ሰው አክባሪና ሩኅሩኅ ነበሩ፤ ባለትዳርና የልጆች አባት ነበሩ። ቃሉ ውሸት አይደለም፤ ግን ለማንም ይሆናል። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለው ንባብ ካለቀ በኋላ አንድ አዛውንት «ሁለት ቃል ልናገር» ብለው ተነሡ። ዕጩ መኮንኖች ሳሉ በባቢሌ በረሃ ጉዞ ላይ ውኃ እንዳይነካ ታዝዞ ነበር አሉ። አንዱ ልጅ ወደቀ። ሟቹ ከሰልፍ ወጥቶ፣ የራሱን ኮዳ ከፍቶ፣ ግማሹን በልጁ አፍ፣ ግማሹን በራሱ ላይ አፈሰሰለት። ተቀጣ። «የወደቅሁት እኔ ነኝ» ብለው ተቀመጡ። የሟቹ ልጆች ቀና አሉ። ያንን ታሪክ አባታቸው አንድ ቀን ነግሯቸው አያውቅም ነበር። «ሩኅሩኅ» የሚለው ቃል ለእነርሱ ሥጋ የለበሰው ያኔ ነው።

ቀብር ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው። በመጋቢት 1980 አፋቤት ላይ የናደው ዕዝ ሲፈርስ፣ በየካቲት 1982 ምፅዋ ስትያዝ፣ የወደቁት አብዛኞቹ መቃብራቸው አይታወቅም። ለብዙ ቤተሰብ መርዶ አልደረሰውም። ለቅሶ ያልተቀመጠች እናት ነበረች፤ በሩ በተንኳኳ ቁጥር የምትነሣ። መንግሥቱ ሲፈርስ መዝገቡም አብሮ ተበተነ፤ «ልጅዎ የወደቀው እዚህ ጋ ነው፤ አጠገቡ ነበርሁ» የሚለው አብሮት የነበረ ጓድ ብቻ ነው። የውትድርና ጓዶች መገናኘት እንደ ደስታ ነገር ብቻ ሲታይ የሚያሳዝነኝ ለዚህ ነው። ራት በልቶ ፎቶግራፍ ተነሥቶ መለያየት መልካም ነው፤ ነገር ግን ሥራው እዚያ ላይ አይደለም። አንድ ኮርስ ሲገናኝ ከሁሉ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው፣ ከመካከላችን ቤተሰቡ ያልተረዳለት ማን ነው የሚለውን ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልመጣ። ያነሣኋቸው ኮሎኔል የኮርሳቸው የምረቃ ፎቶግራፍ አላቸው። ሕንዶቹ አስተማሪዎች መካከል ላይ ተቀምጠዋል፤ ልጆቹ ከኋላ በሦስት ረድፍ ቆመዋል። ከጀርባው የሁሉም ስም በቀለም ተጽፏል፤ በኋላ ደግሞ በእርሳስ አንዳንዱ ላይ መስቀል ተደርጓል፣ አንዳንዱ ላይ የአገር ስም። አንዱ ስም ግን በምላጭ ተፍቋል። ወረቀቱ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል። ያ ሰው በአብዮቱ ዘመን የኮርስ ጓዶቹን አሳልፎ ሰጥቷል ይላሉ፤ ከተሰጡት አንዱ አልተመለሰም። አንድ ቀን ከጓዶቹ አንዱ «ስሙ ይመለስ» ብለው ክርክር ተነሣ። ክርክሩ አላለቀም፤ አንዱ ኮፍያቸውን አንሥተው ወጡ።

ይህ የእነርሱ ችግር ብቻ አይደለም። ከጣልያን ጥይት ከተረፉት የመጀመሪያዎቹ የሆለታ ዕጩዎች ሁለቱን እንይ። ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ የክብር ዘበኛን መሩ፤ በእርሳቸው ቦታ የተተኩት መንግሥቱ ንዋይ ነበሩ። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሙሉጌታ ቡሊ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከታገቱት ጋር ተገደሉ፤ የገደላቸው የመንግሥቱ ንዋይ ወገን ነው። መንግሥቱ ንዋይም በመጋቢት በአደባባይ ተሰቀሉ። የሆለታን የመጀመሪያ ዕጩዎች ዝርዝር የሚጽፍ ሰው እነዚህን ሁለት ስሞች ምን ያደርጋቸዋል? አንዱን ቢያወጣ ዝርዝሩ የማን ይሆናል?

ባሕር ማዶ ይህን ጥያቄ ቀድመው የተጋፈጡ አሉ። የአሜሪካው የዌስት ፖይንት ጦር አካዳሚ ምሩቃን ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1869 ነው፤ ከእርስ በርስ ጦርነቱ ማብቂያ አራት ዓመት በኋላ። አሳቡን ካነሡት ዋናው ሮበርት አንደርሰን ነበሩ። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1861 ፎርት ሰምተርን ይጠብቁ የነበሩት መኮንን ናቸው፤ ምሽጉን በመድፍ የደበደበው ቦርጋርድ ደግሞ በዚያው ትምህርት ቤት የመድፍ ትምህርት ያስተማሩት ተማሪያቸው ነበር። ከዚያው ማኅበር ሰዎች አንዱ ጆርጅ ከለም የምሩቃኑን ሁሉ መዝገብ አዘጋጁ፤ ለእያንዳንዱ እንደ ምረቃ ተራው ቁጥር እየሰጡ። በጦርነቱ ከአማፂው ደቡብ ጋር የቆሙትን ከቁጥር አላወጧቸውም። ነገር ግን የአገልግሎት ታሪካቸው 1861 ላይ ሲደርስ በአመፁ ተሳተፈ የሚል ቃል ያኖሩና ዝም ይላሉ፤ የዋለበትን ጦርነት አይዘረዝሩም።

ከለም ግማሹን በትክክል ሠርተዋል ብዬ አስባለሁ። ቁጥሩ የማንም ስጦታ አይደለም። ያ ሰው እዚያ ነበር፤ አልጋው ላይ ተኝቷል፣ ስሙ ሲጠራ «አቤት» ብሏል። በኋላ የሠራው ግፍ ያንን ጠዋት አልነበረም ሊያደርገው አይችልም። ስሙን የፋቀ ሰው ፍርድ የሰጠ ይመስለዋል፤ ያጠፋው ግን ማስረጃ ነው። ሌላው የከለም ግማሽ ግን ጎደሎ ነው። አመፀ ብሎ ዝም ማለት ምስክርነትን መሃል ላይ ማቋረጥ ነው። የሠራውን፣ ክፉውንም ጭምር፣ መጻፍ ነበረባቸው።

እዚህ ላይ የተገደለው መኮንን ሚስት ተነሥታ «የባሌን ስም አሳልፎ ከሰጠው ሰው ስም ጎን ታኖሩታላችሁ?» ብትለኝ ምን እመልሳለሁ? ቀላል መልስ የለኝም፤ ሕመሟን የሚያህል ክርክርም የለም። የምላት ይህን ነው። እናኖረዋለን፤ ከጎኑም ያደረገውን እንጽፋለን። ስሙን ብናወጣው ባልሽን አሳልፎ የሰጠው የማይታወቅ ጥላ ይሆናል፤ ስሙ ካለ ግን አንድ ማዕድ የቀረበ፣ አንድ መሐላ የማለ፣ የባልሽን ፊት እያወቀ ያደረገ ሰው መሆኑ ይታያል። ክፋቱ ሙሉ መጠኑን የሚያገኘው እንዲህ ነው። የአበባ ጉንጉን ግን አናኖርለትም፤ በስሙ ጽዋ አናነሣለትም። ዝርዝሩ የሆነውን ነገር ይይዛል፤ ክብር ግን ከዝርዝሩ ተለይቶ፣ ተመዝኖ የሚሰጥ ነው። ሁለቱን አንድ ያደረግን ጊዜ ወይ ግፈኛውን እናወድሳለን ወይ ታሪክ እንፍቃለን።

ከመፋቅ ይልቅ የምፈራው አደጋ ግን አለ፤ ዝምታ። «የኮርስ ጓዴን አላጋልጥም» የሚል ቃል በወታደር ቤት የሚከበር ቃል ነው፤ ከስንት መከራ ያሻገረም ነው። ሰውን ወደ ቀብር የሚያመጣው ያው ፍቅር ምስክርነት ሲያስፈልግ አፍ ሊዘጋ ይችላል። የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት በታኅሣሥ 1987 ከተከፈተ ወዲህ ብዙ ሰነድ ወጥቷል፤ ሰነድ ግን ሰውየው በወጣትነቱ ምን እንደነበረ፣ የት ላይ እንደተሰበረ አይናገርም። ያንን የሚያውቀው አብሮት ያደገ ነው። ዕዳው ምስክርነት ነው ካልሁ ዝም ማለት ታማኝነት ሊሆን አይችልም፤ ዝም ያለው ጓድ እርሱ ብቻ ሊሰጥ የሚችለውን ከልክሏል። ይህንን የምለው ለፍርድ ብቻ አይደለም። የተሰበረበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው መንገር ካልቻለ፣ ነገ ዕጩ መኮንን የሚሆነው ልጅ ምን እንደሚሰብረው በምን ያውቃል?

ልጆቻቸው ይቀጥሉታል የሚል ተስፋ በየስብሰባው ይነገራል። ይቀጥሉ ዘንድ እወዳለሁ፤ የሚችሉትም ብዙ ነው። ዝርዝሩን ሊይዙ፣ ፎቶግራፉን ሊያስቀምጡ፣ የሟቾቹን እናቶችና ሚስቶች ሊጠይቁ፣ በስማቸው ተማሪ ሊያስተምሩ ይችላሉ። ምስክርነቱን ግን መውረስ አይችሉም፤ የሰሙትን ያወራሉ እንጂ ያዩትን አይመሰክሩም። ስለዚህ ነገሩ ቀን ተቆርጦለታል። ደግሞም የሚያስፈልገው የመጨረሻው አንድ ሰው ቃል አይደለም። አንድ ሰው ብቻውን ሲቀር የሚለውን የሚያርመው የለም፤ ኮዳው የእገሌ ነበር ቢል «አይደለም፣ የእኔ ነበር» የሚለው አጠገቡ የለም። በአንድ ነገር ላይ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ነው እውነቱ የሚነጥረው፤ ያ ኮፍያቸውን አንሥተው የወጡት ሽማግሌም ተመልሰው መጥተው መከራከር አለባቸው። የተፋቀው ሰው በሕይወት ካለም ይጠራና የራሱን ቃል ይስጥ፤ ይቅርታ ቢጠይቅ ባይጠይቅ የእርሱ ፈንታ ነው። ጥያቄውን ማቅረብ ግን የእነርሱ ነው፤ አንድ ክፍል ሞልተው የሚቀመጡበት ቁጥር ገና ሳለ፣ ከመጪው ለቅሶ በፊት።